ፊልም ላይ ያየነው ልብስ ጨርቁ ምንድን ነው? አይቶ የመለየት ዘዴ

መጀመሪያ የሠራሁት የፊልም ልብስ ካባ ነበር። ጀግናው በሌሊት ሲሮጥ ካባው ያብለጨልጫል። ሳቲን መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩና ስምንት ሜትር የፖሊስተር ሳቲን ገዛሁ። ቅርጹ ልክ ነው፣ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ስፌቱም አያሳፍርም፤ ግን ያ ካባ አልሆነም። ምን እንዳጎደልኩ ለማየት ያንኑ ትዕይንት ቀስ አድርጌ ስመልሰው ለካ ዝናብ እየዘነበ ነው። የሚያብለጨልጨው ጨርቁ ሳይሆን ውሃው ነበር። ሌላ ቦታ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ለአራት ሴኮንድ ያህል ካባው ይታያል፤ እዚያ ላይ ወፍራም፣ ደብዛዛ፣ ብርሃን ውጦ የሚያስቀር ሱፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጨርቁን ስም ከመፈለጌ በፊት ጠባዩን ነው የማየው። እንዴት ይወርዳል? ሲታጠፍ እጥፋቱ ሹል ነው ወይስ ክብ? ሰውየው ቆም ሲል ልብሱ አብሮት ይቆማል ወይስ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል? ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴ ባይመጣም ጠባዩን በደንብ ካወቃችሁ ትክክለኛውን ጨርቅ መግዛት ትችላላችሁ።

ከስክሪኑ እንጀምር። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚቀረጸው፣ ስለዚህ ሰው ሲሮጥ የተያዘ ፍሬም ብዥ ያለ ነው። ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚያወራበትን ቦታ ፈልጉ። በተቻለ መጠን ጥራቱ ከፍ ያለውን ቅጂ ተጠቀሙ፤ በጣም የተጨመቀ ቪዲዮ መጀመሪያ የሚያጠፋው የሽመናውን ዝርዝር ነው፣ ሻካራው ሱፍ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ይታያችኋል። እኔ ከአንድ ልብስ ቢያንስ አራት ፎቶ አወጣለሁ፦ ትከሻና ኮሌታ በቅርበት፣ ተቀምጦ፣ ከኋላ ሲራመድ፣ እና ቀን ብርሃን ላይ። አወራረዱን ለማየት ደግሞ ፎቶ አይበቃም። ቪዲዮውን በሩብ ፍጥነት አጫውቱትና የልብሱን ጫፍ ብቻ ተከተሉ።

በቅርበት የተያዘ ፎቶ ካገኛችሁ የሽመናውን ዓይነት ማንበብ ይቻላል። ሰያፍ መስመር ካየችሁ ትዊል ነው፤ ጂንስ ሱሪያችሁን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ያው መስመር ነው። ድርና ማጉ አንድ ላይ አንድ ታች እየሆነ እንደ ዳማ ከተሻገረ ተራ ሽመና ነው፣ አቡጀዲና አብዛኛው የሸሚዝ ጨርቅ እንዲህ ነው። መስመሩም ነጥቡም ጠፍቶ ለስላሳ ወለል ብቻ ከሆነ ወደ ሳቲን ይጠጋል። ትንንሽ የሰንሰለት ቀለበቶች ከታዩ ጨርቁ አልተሸመነም፣ እንደ ሹራብ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም ይለጠጣል፣ አቆራረጡም አሰፋፉም ሌላ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ክርኑንና ጭኑን ነው። ተዋናዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ይቆይና ሲነሳ ፊልሙን አቁሙት። ጭኑ ላይ ሹል የሆኑ፣ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ያሉ መስመሮች ከቀሩ ሊነን (ከተልባ እግር የሚሠራ ጨርቅ) ወይም ጥጥ ነው፤ ሊነን ከሆነ መስመሮቹ ይበልጥ የጠነከሩ ናቸው። ክብ ክብ ያሉ ለስላሳ እጥፋቶች ታይተው ቀስ ብለው ከጠፉ ሱፍን ጠርጥሩ። ምንም ነገር ካልቀረ ፖሊስተር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ብዙ ፖሊስተር የተቀላቀለበት። በርግጥ በሁለት ቀረጻ መካከል ልብሱን የሚተኩስ ሰው ስላለ ያለመቁረጥ አንድ ላይ የተቀረጸ ትዕይንት ምረጡ።

ብርሃኑም ይናገራል፣ ማንበብ ከቻላችሁ። ሳቲን ላይ ደማቁ መስመር የሚያርፈው እጥፋቱ ጉብ ባለበት አናቱ ላይ ነው። ከፋይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ወደ እናንተ ፊት ለፊት የዞረው ቦታ ጥቁር ብሎ፣ ብርሃኑ የእጥፋቱ ዳርና የሰውነቱ ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ይሄን አንዴ ካየችሁት በጨለማ ትዕይንት ውስጥ እንኳን ከፋይ አያመልጣችሁም። ከፋይ ስትቆርጡ ደግሞ ወለሉ ላይ የቆመውን ፀጉር አቅጣጫ ልብ በሉ። ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ከተቆረጠ ቀለሙ ጠለቅ ይላል፣ ወደ ታች ከሆነ ነጣ ይላል። አንዱን ክፍል ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ከቆረጣችሁ ከሁለት የተለያየ ጨርቅ የሰፋችሁት ይመስላል። ሐርና ፖሊስተር ሳቲንን ከስክሪን መለየት ከባድ ነው፤ በእኔ ልምድ የፖሊስተሩ ነጸብራቅ ነጭና ደረቅ ይሆናል፣ የሐሩ ግን የጨርቁን ቀለም ይዞ ለስለስ ይላል። በዚህ ብቻ ግን አትወስኑ።

ጥለት ያለበት ጨርቅ ከሆነ መጠኑን ማስላት ያስፈልጋል። የትልቅ ሰው የዓይን ብሌን ከብሌን ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ተዋናዩ ፊት ለፊት ካሜራውን የሚያይበትን ፍሬም ያዙና ርቀቱን በፒክሰል ለኩ፤ 90 ፒክሰል ሆነ እንበል። ደረቱ ላይ ያለው አበባ 30 ፒክሰል ከሆነ፣ የአንድ ሦስተኛው፣ ወደ 21 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከእውነቱ ጥቂት ሊርቅ ይችላል፣ ግን የ2 ሳንቲ ሜትር አበባ በነበረበት የ5 ሳንቲ ሜትር አበባ ከመግዛት ያድናችኋል።

ፊልሙ የተሠራበት ዓመትም የሚያግዝ ነገር ነው። ታሪኩ የሚተረክበትን ዘመን ሳይሆን የተቀረጸበትን ማለቴ ነው። የናይሎን ካልሲ በመላው አሜሪካ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ የሚለጠጠው ክር፣ ስፓንዴክስ፣ የተፈጠረው በ1958 ነው። ስለዚህ የ1930ዎቹ ፊልም ላይ ገላ ላይ ተጣብቆ የሚፈስ ቀሚስ ካየችሁ የሚለጠጥ ጨርቅ አትፈልጉ። ያ ብዙውን ጊዜ ሐር ወይም ሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ሐር) በሰያፍ፣ ማለትም ከክሮቹ አቅጣጫ ጠመም ተደርጎ፣ ተቆርጦ ነው፣ ምስጢሩ አቆራረጡ ላይ ነው። በተቃራኒው ዛሬ የሚሠራ ፊልም ታሪኩ ከሺህ ዓመት በፊት ቢሆንም ልብሱ ውስጥ ፖሊስተር ሊኖር ይችላል። የልብስ ዲዛይነሩ የሚያስበው ካሜራው ምን ያያል ብሎ ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ማሪሊን ሞንሮ በ1955ቱ «ዘ ሰቨን ይር ኢች» ላይ የለበሰችው ቀሚስ ነው። ዲዛይነሩ ዊልያም ትራቪላ ነው፣ ልብሱም በ2011 ጨረታ ላይ ኮሚሽኑ ሳይጨመር በ4.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ብዙ ሰው ንጹህ ነጭ ሐር አድርጎ ይሠራዋል። ቀለሙ ግን እንደ ዝሆን ጥርስ ለዘብ ያለ ነጭ ነው፣ ጨርቁም አሴቴት የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ያኔ አሴቴት ከሬዮን ዓይነቶች እንደ አንዱ ይቆጠር ነበር። ይሄ ለምን ዋጋ አለው? ምክንያቱም ቀሚሱ ፕሊሴ ነው፣ ተደራራቢ እጥፋት በተኩስ የተያዘበት። አሴቴት በሙቀት ቅርጹን ይይዛል፣ ሐር ላይ የተተኮሰ ፕሊሴ ግን እርጥበት ሲነካው ይለቃል። ዛሬ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ብርሃን የማይመልስ የፖሊስተር ክሬፕ (ወለሉ ትንሽ ሻከር ያለ ጨርቅ) ከሐሩ የተሻለ ያገለግላችኋል፤ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን እጥፋቱን ስለማይለቅ።

ቀለምን በተመለከተ፣ እባካችሁ ስክሪኑን አትመኑት። በ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» የዋናዋ ገጸ ባህሪ የዶሮቲ ነጭ ሸሚዝ በእውነቱ ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ ያኔ በነበረው የቴክኒከለር (የቀለም ፊልም) ቀረጻ ንጹህ ነጭ ስለሚያስቸግር። ዛሬም ነጭ ልብስ ካሜራ ላይ እንዳያንጸባርቅ ሻይ ወይም ቀላል ግራጫ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በላይ ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ቀለሙ እንደገና ይስተካከላል፤ ሰማያዊ የተደፋበት የሌሊት ትዕይንት ላይ ቡናማው ካባ ግራጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ልብሱን ቢያንስ በሦስት የተለያየ ብርሃን እዩት። እዚያው ፍሬም ውስጥ ቀለሙን የምታውቁት ነገር ፈልጉና፣ የሰው ጥርስ፣ ቅጠል፣ ወረቀት፣ ከእሱ ጋር አወዳድሩት። ለማስታወቂያ የተነሱ ፎቶዎች ጥራታቸው ጥሩ ነው፣ ግን ብርሃናቸው ሌላ ነው፣ አንዳንዴም ልብሱ ራሱ ፊልሙ ላይ ያለው አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አንድ ልብስ አንድ ብቻ አይደለም። በቅርበት ለመቀረጽ የሚያገለግል አለ፣ ለዝላይና ለድብድብ የሚያገለግል ሌላ አለ፣ ያኛው ሰፋ ተደርጎ ወይም ከሚለጠጥ ጨርቅ ሊሰፋ ይችላል። ሁለት ፎቶ ላይ ሁለት የተለያየ ሽመና ካየችሁ ዓይናችሁ አልተሳሳተም። የትኛውን እንደምትሠሩ ወስኑና በዚያ ጽኑ።

የጨረታ ካታሎግና የሙዚየም ገለጻ ቀጥታ የጨርቁን ስም ሲጽፉ ታገኛላችሁ። የዲዛይነሮች ቃለ ምልልስም ወርቅ ነው። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ያሉት የኤልፎቹ (የተረት ፍጡራኑ) ካባዎች፣ የልብስ ዲዛይነሯ ንጊላ ዲክሰን የመራችው ሥራ፣ ጨርቃቸው ኒውዚላንድ ውስጥ ስታንስቦሮ ከሚባል ቦታ ግራጫ በጎች ሱፍ የተሸመነ ነው። ይሄን ስታውቁ ግራጫው ለምን ድፍን እንዳልሆነና ቀለሙ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ይገባችኋል። የልዕለ ኃያላን ልብስ ላይ ደግሞ የሚለጠጠው ጨርቅ ራሱ ላይ ጥለት ይታተማል። የ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» ላይ የልብስ ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በልብሱ ወለል ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አስቀምጣለች፤ ከሩቅ ሻካራ ጨርቅ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ጥለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ገበያ ለገበያ ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ ማሳተም ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። ሜትር ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ውሰዱ፣ ሦስት አራት ዓይነት። ሃምሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቁራጭ አወራረዱን አያሳይም። አንዱን ጥግ በመርፌ ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ አንጠልጥሉት፣ ከፊልሙ ጋር የሚመሳሰል ብርሃን አብሩበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ከፊልሙ ፍሬም ጎን ለጎን እዩት። በዓይን ሳይሆን በካሜራ፤ ፊልሙንም ያየነው በካሜራ ነውና። ክብደቱንም እወቁ። አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በግራም መዝኑና በመቶ አባዙት፣ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይሰጣችኋል። ሽፎን (በጣም ስስ ጨርቅ) ከ50 ግራም በታች፣ የሸሚዝ ጨርቅ ከ100 እስከ 150 አካባቢ፣ ወፍራም የካፖርት ሱፍ ከ400 በላይ ነው። የእኔ ሳቲን 110 ነበር፤ ያንን ካባ በምንም ተአምር ሊሆን አይችልም ነበር።

ሻጩ ሐር ነው ካላችሁ ክሩን አቃጥሉ። ጥቂት ክር በወረንጦ ያዙ፣ ከታች የብረት ሳህን፣ አጠገባችሁ ውሃ፣ መስኮቱ ክፍት። ጥጥና ቪስኮስ (የሬዮን ዓይነት) እንደ ወረቀት ይነዳሉ፣ ሽታቸውም የወረቀት ነው፣ ግራጫ ልስልስ አመድ ይተዋሉ። ሱፍና ሐር ይኮማተራሉ፣ እሳቱን ስታርቁት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ አመዳቸው በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተርና ናይሎን ይቀልጡና ሲቀዘቅዙ እንደ ጠጠር ይጠነክራሉ፤ የቀለጠው ጠብታ ጣት ላይ ካረፈ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ተጠንቀቁ። አሴቴት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ሱፍ ነው የተባለው ንጹህ መሆኑን ለማየት ደግሞ ቁራጩን በረኪና ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን አትቀላቅሉት። ሱፍና ሐር ይሟሟሉ፣ ጥጡና ፖሊስተሩ ይቀራል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን በኋላ በምታጥቡበት መንገድ እጠቡት፣ ጥጥም ሱፍም ይሰበሰባል። ፊልሙ ላይ ያረጀ የሚመስለው ልብስም አዲስ ተሰፍቶ ነው በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀው፤ ማስረጀቱን ከስፌት በኋላ አድርጉት፣ ክርኑ፣ የኪሱ አፍና የእጅጌው ጫፍ ላይ፣ የሰው ገላ በሚፈትገው ቦታ።

ሁለተኛውን ካባዬን በካሬ ሜትር 480 ግራም ከሚመዝን ሱፍ ሠራሁት። ክብ ሆኖ ስለተቆረጠ በሰያፍ የወደቀው ቦታ በራሱ ክብደት እየተለጠጠ ይወርዳል፣ የእኔው ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወረደ። ስለዚህ ጫፉን ቶሎ አትስፉት። ሰቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ጠዋት የሚለብሰው ሰው ላይ አድርጉና ከወለሉ ዙሪያውን እኩል ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ቁረጡ።