አበባ ላይ ያረፈ ሁሉ አዳቃይ አይደለም

የዕፅዋት መራባት ላይ ጥናት ለሚጀምሩ ልጆች የመስክ ደብተር ማረም ሥራዬ ነው። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ደብተሩን ሳነብ ግን ጸጉሬን መንጨት ያምረኛል፤ ስህተቱ ሁሌም ያው ነው።

«ንብ አረፈች፣ ስለዚህ አዳቃዩ ንብ ነው።» በቃ፣ ሠንጠረዥ ተሠራ፣ አለቀ። ኧረ ቆይ! አዳቃይ ማለት የወንዴውን ዱቄት፣ ብናኙን፣ ወደ ሴቴው የሚያደርስ ነው። ስታርፍ ምን ስትሠራ አያችኋት? ምላሷ አጭር የሆነ ባምብልቢ (ወፍራም፣ ጸጉራም ንብ) ረጅም ቱቦ ያለው አበባ ሲያጋጥማት በፊት ለፊት አትደክምም። በጎን ትዞርና የቱቦውን ሥር ነክሳ ትበሳዋለች፣ በቀዳዳው ኔክታሩን፣ የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ፣ መጥጣ ትሄዳለች። ወንዴውንም ሴቴውንም አልነካችም። ቀጥላ የመጣችው ደግሞ መብሳት እንኳ አያስፈልጋትም፣ ያው ቀዳዳ ይጠብቃታል። ይሄ ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚፈጸም ስርቆት ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን «የአዳቃይ ጉብኝት፦ 2» ተብሎ ይገባል! በትክክለኛው በር የገባችውም ብትሆን ብናኙን ከሰውነቷ ጠርጋ እግሯ ላይ ከጠቀጠቀችው፣ ያ የእጮቿ ቀለብ ነው። ለሚቀጥለው አበባ የሚደርሰው በአብዛኛው ሳትጠርገው የቀረው ነው።

ስለዚህ ነፍሳቱን ተዉና ብናኙን ተከተሉ። እምቡጡን ሳይፈነዳ በመረብ ከረጢት ሸፍኑት። ከፈነዳ በኋላ መሸፈን ዋጋ የለውም፣ ማን ቀድሟችሁ እንደገባ አታውቁም። ሲከፈት ከረጢቱን አንሱና አጠገቡ ቁጭ በሉ። አንድ ጎብኚ ይምጣ፤ አንድ ብቻ። ልክ እንደሄደ የሴቴውን ጫፍ ቆርጣችሁ የተራገፈበትን ብናኝ በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ። ማንም ያልጎበኘው አበባ ላይም እንዲሁ ቁጠሩ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ አበባ የራሱን ብናኝ ራሱ ላይ ያራግፋል። ሥራው ወገብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ።

ሌላው የቀለም ነገር ነው። ቀይ ከሆነ የወፍ፣ ነጭ ከሆነ የእሳት እራት። ይሄ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። እዚህ ላይ ሁሉም የዳርዊንን ኦርኪድ ይጠቅሳል፦ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም የኔክታር ቱቦ ያለው የማዳጋስካር ነጭ አበባ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ምላሱ ያን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት መኖር አለበት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 እራቱ ከእነስሙ ተመዘገበ። እሱ ግን ቀለም አይቶ አልፈረደም። ቱቦውን ለክቷል፣ ቀጫጭን ነገር እየከተተ ብናኙ እንዴት እንደሚነሳ ሞክሯል። ደግሞስ እናንተ 11 ሰዓት ላይ ዕቃ ሰብስባችሁ እየገባችሁ የሌሊት ጎብኚ ከየት ይታያችኋል?

በእጅ የራሱን ብናኝ ቀብታችሁለት ዘር ከሰጠ፣ ተክሉ ራሱን መቀበል ይችላል ማለት ነው። «ራሱን ያዳቅላል» ማለት አይደለም! ወንዴው ቀድሞ በስሎ ሴቴው የሚዘገይ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ ተራርቀው ከቆሙ፣ ያለ ንብ ምንም ላይሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ተሸፍኖ ሳይነካ የቀረው አበባ ነው። እሱም ዘር ቢሰጥ ገና አትጨፍሩ። ብዙ ዳንዴላየን (ቢጫ አበባ ያለው አረም) ያለ ምንም ፅንሰት ዘር ይሠራል፤ የእምቡጡን አናት ከወንዴውና ከሴቴው ጫፍ ጋር ቆርጣችሁ ብትጥሉትም ግድ የለውም።

ብናኝ ጨምረንለት ብዙ ፍሬ ሰጠ፣ ስለዚህ የብናኝ እጥረት ነበረበት የሚሉም አሉ። ስንት አበባ ላይ? አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ተክሉ ምግቡን ከሌላው ቀንሶ ወደዚያ አዙሮት ይሆናል። የቻላችሁትን ያህል ሙሉውን ተክል።

ዘር ቆጥሮ መቅረትም አለ። የቅርብ ዘመድ ርቢ (ራስን በራስ ማዳቀልም ይጨምራል) ጉዳት ብዙ ጊዜ ፍሬው ላይ አይታይም፤ ችግኙ ሲቀጭጭ ወይም ሳያብብ ሲቀር ነው የሚወጣው። ዝሩት እንጂ! በዚያ ላይ ብዙው አበባ እናትም አባትም ነው። የቆጠራችሁት የእናትነቱን ድርሻ ብቻ ነው፤ በሌላ ተክል ላይ የወለደውን ለማወቅ የችግኞቹን ዲኤንኤ መመርመር ይጠይቃል።

«ተክሉ ይህን የሚያደርገው ለዝርያው ህልውና ሲል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካየሁ ሳላነብ እሰርዛለሁ፤ ተክል ለዝርያው ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም።

እና እባካችሁ፣ አበባው ላይ የምታስሩትን ምልክት በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ በአንድ ዝናብ ይሄዳል።