የሩዝ ፍሬ የምታህል፦ ለትንንሽ ልጆች የጥርስ ሳሙና አጠቃቀም

በማስታወቂያ ላይ የምናየው የጥርስ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር በሳሙና የተሸፈነ፣ ጫፉም እንደ ኬክ ክሬም ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። ይህ መጠን ሳሙናው ቶሎ አልቆ ሌላ እንዲገዛለት ለሚፈልግ ነጋዴ ይመች ይሆናል፤ ለአዋቂ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ብዙ ወላጆች የትኛው ሳሙና ይሻላል ብለው ይጨነቃሉ። ከዚያ ይልቅ ሊያሳስባቸው የሚገባው ምን ያህል እንደሚጨመርና ቱቦው በማን እጅ እንደሚያዝ ነው።

ልኩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ፣ ማለትም በአብዛኛው ከስድስተኛው ወር አካባቢ አንስቶ፣ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የአንዲት የሩዝ ፍሬ ያህል ሳሙና ይበቃዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ የአንዲት አተር ያህል ይሁን፤ አተር ስንልም ሽምብራ ወይም ባቄላ ማለታችን አይደለም። ሳሙናውን በብሩሹ ርዝመት ሳይሆን በአግድሙ ይጨምሩ፤ ከዚያም በንጹሕ ጣት ጫን አድርገው በብሩሹ ፀጉሮች መካከል ያስገቡት፤ ላዩ ላይ ተቆልሎ የቀረ ሳሙና ብሩሹ ገና አፍ ውስጥ እንደገባ ምላስ ላይ ይወድቅና ወዲያው ይዋጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ትንንሽ ልጆች መትፋት ስለማይችሉ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አፉ ውስጥ የገባውን ሳሙና አብዛኛውን የሚውጠው ባለጌ ስለሆነ ሳይሆን አፉን ገና ማዘዝ ስላልቻለ ነው። ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የጥርስን ገጽ እያጠነከረ መበስበስን ይከላከላል፤ ሥራውን የሚሠራውም ጥርስን ሲነካ ነው እንጂ ሆድ ሲገባ አይደለም። በሌላ በኩል ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ቋሚዎቹ ጥርሶች በመንጋጋ ውስጥ፣ ከወተት ጥርሶቹ ሥር፣ እየተሠሩ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ በየቀኑ የሚውጥ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም መስመር ሊታይበት ይችላል፤ ሲብስም ቡናማ ይሆናል። በተለይ የፊት ጥርሶች የሚጎዱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በሚዋጠው ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በሣጥኑ ጀርባ 1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 1000 እጅ ማለት ነው) ተብሎ የተጻፈበት ሳሙና በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። የሩዝ ፍሬ የምታህለው ሳሙና 0.1 ግራም ገደማ ስለምትመዝን ሕፃኑ ሁሉንም ቢውጣት እንኳ የሚያገኘው 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ብሩሹን የሸፈነ የአዋቂ ሳሙና ግን 1 ግራም ይደርሳል፤ 1450 ፒፒኤም ከሆነና በቀን ሁለት ጊዜ ከተዋጠ ወደ 3 ሚሊግራም ይጠጋል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በአሜሪካ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ ደግሞ ከምግብና ከውኃ የሚገኘው ሁሉ ተደምሮ 1.3 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ያው ሳሙና በልኩ ሲሆን መድኃኒት፣ ሲትረፈረፍ ጉዳት ነው።

በዚህ ፈርተው ፍሎራይድ የሌለው ሳሙና የሚገዙ ወላጆች አሉ። ቢዋጥ አይጎዳም መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን መበስበስን የሚከላከለው ዋናው ነገር የለውም። የወተት ጥርስ የሚረግፍ ስለሆነ ቢበሰብስም ግድ የለም የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም፤ የበሰበሰ የወተት ጥርስ ልጁን እንቅልፍና ምግብ ይነሳዋል፣ ኢንፌክሽኑ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊነካ ይችላል፣ ያለጊዜው ከተነቀለም ቋሚው የሚወጣበት ቦታ ይጠብበታል። ስለዚህ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም ያለውን ይግዙ፣ መጠኑን ያሳንሱ። የከሰል ዱቄት ያለበትንና ጥርስ ያነጣል የሚባለውን ግን ለትንሽ ልጅ አይግዙ።

በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ የቱቦውን ጽሑፍ ሲያነብ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ብዙዎቹ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሐኪም ይማከር ይላሉ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ግን ከ2014 ጀምሮ ከመጀመሪያዋ ጥርስ አንስቶ የሩዝ ፍሬ ያህል እንዲቀባ ሲመክር ቆይቷል። ጽሑፉ ጥንቃቄን፣ ምክሩ ልክን ስለሚናገር ሐኪሙን በመጀመሪያው ጉብኝት ላይ መጠየቁ ሁለቱን ያስታርቃል።

ስለ አገራችን ሲነሳ የስምጥ ሸለቆውን ነገር ማለፍ አይቻልም። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በአካባቢያቸው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርስ የበለዘው በሳሙና ምክንያት ሳይሆን በከርሰ ምድር ውኃው ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በእነዚያ አካባቢዎች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጉድጓድ ውኃ አለ። ውኃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ሕፃን የሚያሳድግ ሰው ለልጁ መጠጥና ለዱቄት ወተት ማሟሟያ ሌላ የውኃ ምንጭ ቢፈልግ፣ ስለ ሳሙናውም የጥርስ ሐኪም ቢያማክር ይበጃል።

አሁን ወደ አቦራረሹ እንምጣ። ሕፃኑን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ጀርባውን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፤ በአንድ እጅ አገጩን ደገፍ አድርገው ከንፈሩን ገለጥ እያደረጉ፣ በሌላው ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን መስመር በለስላሳ ትንሽ ብሩሽ ቀስ ብለው ያሹ። ማልቀሱ አይቀርም፤ ሲያለቅስ አፉን ስለሚከፍት የኋላ ጥርሶቹን ለማግኘት እንዲያውም ይመቻል። ገና መትፋት ለማይችል ልጅ የተረፈውን አረፋ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉለት። ሦስት ዓመት ሲጠጋ ጎንበስ ብሎ መትፋትን እርስዎ እያሳዩት ይልመድ። ከተፋ በኋላ አፉን ደጋግሞ በውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልገውም፤ ጥርሱ ላይ የቀረው ጥቂት ፍሎራይድ ይታጠባል፣ ትንሹም ልጅ የሚጉመጠመጥበትን ውኃ መዋጡ አይቀርም።

በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹለት፤ ከሁለቱ የማይታለፈው የማታው ነው። ከዚያ በኋላ ወተት ወይም ጭማቂ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ እንዲተኛ ከተደረገ መቦረሹ ከንቱ ይሆናል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ራሱ ቢቦርሽም አንድ አዋቂ ከኋላው ደግሞ ይጨርስለት፣ ሳሙናውንም አዋቂው ይጨምርለት፤ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ ጸጥ ብሎ የሚወጣውን ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ ልጁ ራሱ አያገኘውም።

እንጆሪና ማስቲካ የሚል ጣዕም ያለው ሳሙና ልጁን ለመቦረሽ ያባብላል፤ በዚያው ልክ ቱቦውን እንደ ከረሜላ እንዲመጠው ይጋብዘዋል። ስለዚህ ቱቦው ከመታጠቢያው ዳር ላይ ሳይሆን ልጁ ወንበር ላይ ቢወጣም ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። አንድ ቀን ግን ቱቦውን ይዞ ቢያገኙት፣ በመጀመሪያ ስንት እንደጎደለ ይመልከቱ። ጥቂት ከላሰ ሆዱን ሊቆርጠው ወይም ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ወተት ወይም እርጎ ይስጡት፣ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ስለሚይዘው ይረዳል። በግድ እንዲያስመልስ አያድርጉት። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ሚሊግራም የደረሰ ፍሎራይድ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ማለት ከ1450 ፒፒኤም ሳሙና 40 ግራም ያህሉን፣ ማለትም ከባለ 100 ግራሙ ቱቦ ግማሽ የሚጠጋውን፣ መዋጥ ነው። እዚያ ከደረሰ፣ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከደከመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ምልክቱ እስኪባባስ ሳይጠብቁ ቱቦውንና ሣጥኑን ይዘው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያሰላው በቱቦው ላይ ካለው ቁጥርና ከልጁ ክብደት ነው።