ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ ክር በቆዳ ላይ ብቅ ሲል

ኦፕራሲዮን ከሆንሽ ስድስት ሳምንት አልፎሻል። ቁስሉ ደርቋል፣ አበቃ ብለሻል። አንድ ቀን ልብስ ስትቀይሪ ጠባሳው ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ታያለሽ። በሁለት ቀኗ ትፈነዳና ከመሃሏ ጠንከር ያለ ክር ብቅ ይላል። አንዳንዴ ነጭ ነው፣ አንዳንዴ ወይን ጠጅ። ወይን ጠጁ ብዙ ሴት ያስደነግጣል። ግን ቀለሙ ከፋብሪካው ነው፤ ሐኪሙ ሲሰፋ በደንብ እንዲታየው የተነከረ።

ከቆዳው ሥር የተሰፋው ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚሟሟ ነው። ቫይክሪል የሚባለው ከ56 እስከ 70 ቀን ይፈጃል፤ ፒዲኤስ የሚባለው ሌላው ክር ደግሞ ስድስት ወር ገደማ። ሰውነት ግን ሁልጊዜ ያን ያህል አይታገስም። እንደ እሾህ ይቆጥረውና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቋጠሮው ለቆዳ የቀረበ ከሆነ ይብሳል። ጡት ላሳነሰች ሴት ደግሞ የታወቀ ቦታ አለ፦ ከጡት ሥር ቁመቱና አግድሙ ስፌት የሚገናኙበት። እዚያ ቆዳው ይወጠራል፣ ደምም እንደ ሌላው ቦታ አይደርሰውም።

አሁን ዋናው ነገር፦ አትጎትቺው። ለመጎተት እጅሽን እንደሚያሳክክሽ አውቃለሁ። ክሩ ግን ከውስጥ ገና ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ስትስቢው የዳነውን ትከፍቺዋለሽ፣ ጀርምም ታስገቢያለሽ። የጥፍር መቁረጫም አይሆንም። እጅሽን ታጠቢ፣ ቦታውን ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቢ፣ ሳታሺ አድርቂ፣ ንጹሕ ጎዝ ጣል አድርጊበት። ሽቦ ያለው የጡት መያዣ ለጊዜው ይቅር። አልኮል አዲሱን ሥጋ ያቃጥለዋል። ጎረቤት «ቡና ነስንሺበት» ወይም «ቅቤ ቀቢው» ካለችሽ አመስግነሽ እለፊ።

ከዚያ ወደ ሰፋሽ ሐኪም ደውዪ። ነርሷ በንጹሕ መቀስ የወጣውን ጫፍ ትቆርጠዋለች ወይም ከለቀቀ ታወጣዋለች፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ቀዳዳዋ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሳምንት ትዘጋለች። ሌላ ቦታ ሌላ ክር ቢወጣም አትደንግጪ፣ ያጋጥማል።

ክር ሳይወጣ ከቆዳ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ የምትዳሰስ ቋጠሮ ብቻ ካለች ተያት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትሟሟለች። ለቀጣዩ ቀጠሮ ግን ንገሪያቸው፤ የጡት እብጠት ሁሉ በግምት አይታለፍም። ከላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ሰማያዊ የናይለን ክር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ አይሟሟም፤ ቀኑ ሲደርስ መውጣት አለበት።

በዚያው ቀን መታየት ያለባቸውም አሉ። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከጋለና ካበጠ፣ ሽታ ያለው መግል ከወጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ወይም ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ቀጠሮ አትጠብቂ። ጡት ውስጥ ኢምፕላንት (ጡት የሚሞላ ሰው ሠራሽ ነገር) ያለሽ ከሆነ ትንሿንም ቀዳዳ አትናቂ፤ ጀርም እሱ ጋ ከደረሰ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለሽ ከሆነ ትኩሳት ብቻውን ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ስትደውዪ ቀኑን ያዘ ፎቶ በስልክሽ ላይ ይኑርሽ። ከኦፕራሲዮኑ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ፈሳሹ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለውና ትኩሳትሽን ይጠይቁሻል።