አሮጌ መኪና እየጠፋ ሲያስቸግር ችግሩን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

መኪና መንገድ ላይ ድርግም ሲል ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ዕቃ እንቀይራለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አሮጌዋ መኪናዬ በተነሳች በሃያ ደቂቃ ትጠፋ ነበር። ግማሽ ሰዓት አሳርፌ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የነዳጅ ፖምፓ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን የቦቢናው፣ ለካንዴላ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ፣ ነበር። ሲሞቅ ውስጡ ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ስለዚህ ኪሳችሁን ከመፍታታችሁ በፊት መኪናው የሚጠፋው መቼ እንደሆነ እወቁ።

መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት መዝግቡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ስትቆሙ ነው ወይስ እየሄዳችሁ? በአንዴ ድርግም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያጣ ከጠፋ ግን ነዳጅ ሳያጥረው አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ የባትሪውን ማሰሪያዎች ወዝወዝ አድርጉ። ከላሉ አጥብቁ፣ ነጭ ዱቄት ከያዙ ጓንት አድርጋችሁ አጽዱ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ሊነበብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሚጠፋው እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ከሆነ ሚኒሞው ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ፣ አተኩሩ። ኮፈኑን ከፍታችሁ አዳምጡ። «ስስስ» የሚል ድምፅ ካለ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ አየር እየሳበ ነው። ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬኑን ለእግር የሚያቀልለው ዕቃ) የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ አትርሱ። ይህን ሳታዩ ሚኒሞውን ከፍ ብታደርጉ በሽታውን መደበቅ ነው።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ መኪናው እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ የሚሠራ ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙ። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈቱ። አየር «እፍፍ» ብሎ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ያለው ከሆነ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሱና፣ ሞተሩን ሳታስነሱ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ በእጅ ሳቡት። ወደ ውስጥ ስታዩ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ማለት አለበት። ፊጭ ካለ ነዳጅ አለ ማለት ነው፤ ወደ ቦቢናና ወደ ካንዴላ ሂዱ። ካላለ የነዳጅ ፊልትሮውን፣ ፖምፓውንና ቱቦውን ተከተሉ። ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኤሌክትሪክ የሚረጭበት) ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ስትከፍቱ ፖምፓው ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ይሰማል። ፖምፓው እየሠራ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩን፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን፣ አስመርምሩ።

አደራ፣ ቤንዚን በሸተተበት ቦታ የካንዴላ ብልጭታ አትሞክሩ። እየነዳችሁ ከጠፋባችሁም መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። ቁልፉን አትንቀሉ፤ መሪው ይቆለፋል። ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሳትረግጡ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ወደ ዳር ውጡ።