የ5.56 ቀለህን ወደ .300 ብላክአውት ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው የሚሞሉ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የአንዱን ካሊበር (የጥይት ዓይነት) ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱንና አረሩን የሚይዘውን የነሐስ ቀፎ፣ ለሌላው መቅረጽ የቆየ ልማዳቸው ነው። .300 ብላክአውት የተባለው የጠመንጃ ጥይት በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ማኅበር ደረጃ ከወጣለት ወዲህ ደግሞ በብዛት የሚቀየረው በተኩስ ሜዳ እንደ ልብ የሚገኘው የ5.56 ቀለህ ሆኗል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ 44.70 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቀለህ ከትከሻው በታች ይቆረጣል፣ ቅባት ተቀብቶ በዳይ (በብረት ቅርጽ ማውጫ) ሲጨመቅ አዲስ ትከሻና አንገት ያወጣል፣ በመጨረሻም ቁመቱ ይስተካከላል። አደጋው ያለው ቅርጹ ያማረለት ቀለህ ሁሉ ልኩን የጠበቀ መስሎ በመታየቱ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው የአንገቱን ውፍረት መለካት ነው። የቀድሞው አንገት ተቆርጦ ስለሚጣል አዲሱ አንገት የሚሠራው ቀድሞ ገላ ከነበረው ክፍል ነው፤ የገላው ግድግዳ ደግሞ ወደ ግርጌው በወረደ ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል፣ ውፍረቱም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አረሩ 7.82 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ አረር የገባበት አንገት የውጭ ስፋት ደግሞ በደረጃው መሠረት ከ8.48 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎን ግድግዳ የሚቀረው ቦታ 0.33 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ከዚህ ከወፈረ ጥይቱ አልጎርስ ይላል፤ በግድ ቢጎርስ እንኳ በተኩስ ጊዜ አንገቱ ሰፍቶ አረሩን የሚለቅበት ክፍተት ስለማያገኝ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይንራል። ጥርሱ ጠፍጣፋ የሆነ ካሊፐር የአንገቱን የውስጥ ጥምዝ ስለማይከተል ንባቡን ያዛባል፤ ለዚህ ሥራ የሚበጀው ጫፉ ክብ የሆነ ማይክሮሜትር ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ባሩድም ፕራይመርም (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቆብ) በሌለው ቀለህ ላይ አረር አስገብቶ አንገቱን ከውጭ መለካት ነው። ወፍራም አንገትን በመሣሪያ ልጦ ማሳሳት ይቻላል፤ እኔ ግን የ5.56 ቀለህ በርካሽ እስከተገኘ ድረስ መጣሉን እመርጣለሁ።

የቁመቱም ነገር እንዲሁ ነው። የተጠናቀቀው ቀለህ ከ34.75 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ብዙዎች 34.50 አካባቢ ላይ ያቆሙታል። ቁመቱን ከቅርጽ በፊት ለክቶ መተው ስህተት ነው፤ ነሐሱ በዳዩ ውስጥ ሲጨመቅ ስለሚለጠጥ የመጨረሻው ቆረጣና ልኬት ከቅርጽ በኋላ መሆን አለበት። የረዘመ ቀለህ አፉ ከማጉረሻው ክፍል ጫፍ ጋር ተጋፍቶ አረሩን አንቆ ይይዛል፤ ውጤቱም እንደ ወፍራም አንገት ሁሉ የግፊት መናር ነው።

ቅባት ማነስ ቀለሁን ዳዩ ውስጥ ያስቀረቅራል፤ ሲበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ተጠራቅሞ ነሐሱን ያጎደጉደዋል። ከቅርጽ በኋላ ቅባቱን ሳያጸዱ መተው ከሁለቱም የባሰ ነው፤ የቀባ ቀለህ የማጉረሻውን ግድግዳ ቆንጥጦ ስለማይይዝ የተኩሱ ኃይል በሙሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መቀርቀሪያው ይገፋል።

ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል፤ ፋብሪካው በሙቀት ያለሰለሰው ክፍል ከነአንገቱ ስለተቆረጠ አዲሱ አንገት በጥቂት ተኩስ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሙቀት ማለስለሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ የሚነካው አንገቱንና ትከሻውን ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ቀለሆችን በምድጃ ውስጥ ደርድሮ ማሞቅ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ የተኩሱን ግፊት ተሸክሞ የሚይዘው ጠንካራው ግርጌ ነውና፣ ግርጌው ከለሰለሰ ቀለሁ በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል።

ወታደራዊ ቀለህ ከሆነ ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጨፈለቀ ስለሆነ፣ ያንን ሳያስተካክሉ አዲስ ፕራይመር በኃይል መጫን አይገባም። የባሩዱንም መጠን ከሌላ ካሊበር መመሪያ ወይም ከሰው አፍ መውሰድ አይቻልም፤ ለ.300 ብላክአውት ከታተመው መመሪያ ዝቅተኛ መጠን መጀመር ያስፈልጋል፣ የወፍራም ቀለህ ሆድ ጠባብ ነውና።

ግርጌው ይገጥማል ብሎ ማንኛውንም ቀለህ ለማንኛውም ካሊበር ማጨትም ሌላ ስህተት ነው። ከ.30-06 ካሊበር ቀለህ የ.270 ካሊበር ቀለህ ይወጣል፤ ቁመቱ ግን ከ.270 ልክ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ያጥራል። የስዊድኑ 6.5 በ55 ደግሞ ግርጌው ከ.30-06 ትንሽ ስለሚሰፋ፣ ከ.30-06 የተቀረጸ ቀለህ በማጉረሻው ውስጥ ልል ሆኖ ወገቡ ላይ ያብጣል።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የተቀየረው ቀለህ ግርጌ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም የድሮውን ካሊበር ይናገራል፤ .300 ብላክአውትና 5.56 ደግሞ አንድ ዓይነት መቀርቀሪያና አንድ ዓይነት መጋዘን (ጠመንጃው ላይ የሚሰካ የጥይት መያዣ) ይጠቀማሉ። 7.82 ሚሊሜትር አረር የያዘ ጥይት በ5.56 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ፣ አረሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ መቀርቀሪያው ከተዘጋና ከተተኮሰ፣ 5.69 ሚሊሜትር ብቻ በሚሰፋው አፈሙዝ ማለፍ ስለማይችል ጠመንጃው ይፈነዳል። ስለዚህ የተቀየሩት ቀለሆች ግርጌ በማይለቅ ቀለም ይቀለም፣ የተሞሉት ጥይቶች የካሊበሩ ስም በጉልህ በተጻፈበት ሣጥን ለብቻቸው ይቀመጡ፣ መጋዘኖቹም ከሩቅ የሚለይ ምልክት ይደረግባቸው፤ ሁለቱ ጠመንጃዎችም በአንድ የተኩስ ጠረጴዛ ላይ አብረው አይውጡ።