ከአያት የወረሳችሁትን አሮጌ ፒክአፕ እንዴት መልሳችሁ መንገድ ላይ ታወጡታላችሁ

አባባ ሲያርፉ ነጩ ሃይሉክስ ፒክአፓቸው ደብረ ብርሃን ግቢያቸው ውስጥ፣ ከባህር ዛፉ ሥር ቆሞ ቀረ። የ1985 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፤ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር። ስድስት ዓመት ማንም አልነካውም። በኋላ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ለእኔ ሰጠኝ። ዛሬ እየነዳሁት ነው፤ ግን መንገዱን በብዙ ወጪ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ወረቀቱ

መፍቻ ከመያዛችሁ በፊት ሊብሬውን፣ የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ እዩ። አሁንም በሟች ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ መኪናውን ለእናንተ መተዋቸውን በጽሑፍ ይስማሙ። ገንዘብ ካፈሰሳችሁበት በኋላ ቅሬታ ቢነሳ ለማንም አይበጅም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። «አሮጌውን አውጥተህ ሌላ ሞተር አስገባበት» የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። የሞተር ቁጥሩ ሲቀየር ሊብሬውም መስተካከል እንዳለበት ግን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ሞተሩ ካልተሰበረ አትቀይሩት።

ቁልፉን አታዙሩ

እኔ የመጀመሪያው ቀን አዞርኩት። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ገጠምኩ። አክስቶቼም ልጆቹም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። እልልታው ቀለጠ፤ እማማ አለቀሱ። አምስት ደቂቃ ያህል ጥሩ ሠራ፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፣ ጠፋ፣ ዳግመኛ አልነሳም። የናፍጣ ፖምፓው ሲፈታ ውስጡ ውሃና የዝገት ዱቄት ነበር፤ የተወለወሉት ብረቶች ተፋፍቀዋል። ለጎማ የያዝኩት ብር በሙሉ ለእሱ ጥገና ወጣ።

ምክንያቱን ካወቃችሁ ትጠነቀቃላችሁ። የዚህ ዓይነቱ ፖምፓ ውስጡን የሚያለሰልስለት ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው ዘይቱ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር ይቀጥናል። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ ለዓመታት ሲቆም፣ በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ሀገር፣ በየሌሊቱ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ ታንኩን ከሥሩ ያዝገዋል። ናፍጣው የሚሳበውም ከዚያው ከታች ነው።

ስለዚህ ሥራው ከታንኩ ይጀምር። ያለውን ናፍጣ ነጭ ጀሪካን ውስጥ አውርዱና አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ የተለየ ውሃ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ታያላችሁ። ታንኩን ከመኪናው አውርዱ፤ ሳይወርድ የሚጸዳ ታንክ አላየሁም። ንጹሕ ጠጠርና ትንሽ ናፍጣ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት፣ ድፉት፣ እንደገና ናጡት። ማለቅለቂያው ናፍጣ ይሁን፤ ውሃ አታስገቡ። በነጭ ጨርቅ ስትጠርጉት ጨርቁ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። ታንኩ ተበስቶ ከሆነ «እዚሁ ብየዳ እንንካው» የሚልን ሰው እምቢ በሉ። ባዶ በሚመስል ታንክ ውስጥ ያለ ትነት ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። ይህን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ፣ ወይም ሌላ ታንክ ፈልጉ።

የናፍጣ ቱቦዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ፈታችሁ በኮምፕረሰር ንፉ። ከጎማ የተሠሩትን ቱቦዎች በአዲስ ቀይሩ፤ ፊልትሮውንም (የናፍጣ ማጣሪያውን)። ከዚያ አየሩን ማስወጣት ነው። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠጥር ድረስ ተጫኑ። በየኖዝሉ፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ በሚረጨው ዕቃ፣ ያለውን የቱቦ ዳዶ በ17 መፍቻ ትንሽ አላሉ፤ ሌላ ሰው በቁልፉ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያሽከርክር። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ። ፊታችሁንና እጃችሁን አርቁ፤ ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ሞተሪኖውን ማሽከርከር ግን ሞተሩ በእጅ ከዞረ በኋላ ነው። ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) አውጥታችሁ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ከፊት ባለው ትልቁ ብሎን በእጅ አዙሩት። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምሩና ሌላ ቀን ጠብቁ። ታይሚንግ ቤልቱን፣ ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር አስማምቶ የሚያሠራውን የላስቲክ ቀበቶ፣ መልኩ ጥሩ ቢሆንም ቀይሩ። ላስቲኩ በቆመበት ይደርቃል፤ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ይታጠፋሉ። የአየር ማጣሪያውንም ክፈቱ፤ የእኔ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ነበር።

ዕቃ ስትገዙ

አዲስ አበባ ባለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ብረት ከሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ርካሽ ይሻላል። ላስቲክ ከሆነ ግን ያገለገለ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ብቻ ስትጠይቁ የማይገጥም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ፍሬኑ

የሁሉም ጎማ ፍሬን ይፈታ፣ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ላስቲክ) በሙሉ ይቀየር፣ የፍሬን ዘይቱ ወጥቶ አዲስ ይግባ። ይህ ሳያልቅ መኪናው በራሱ ኃይል ከግቢ አይውጣ። ጎማዎቹ ጥርስ ቢኖራቸውም ጎናቸው ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች አንብቡ። 2312 የሚል ከሆነ በ2012 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ባረጀ ጎማ እንደ ጣርማ በር ወዳለ ተራራ አትውጡ።

ላሜራና ቀለም

አባባ በግ ይጭኑ ነበር፤ የበግ ሽንት የጭነቱን ወለል በልቶታል። ዝገት ላይ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚለጠፈውን መሙያ) አታስለጥፉ፤ ውስጥ ለውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከቀለም ጀምሮ ገንዘቡ ፍሬን ላይ ሲደርስ ያልቅበታል።

በሾፌሩ በር ላይ አባባ ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተልጧል። ቀለም ቀቢው ሊሸፍነው ሲል አስቆምኩት። እንዳይዝግ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ብቻ ቀባንበት፤ ስነዳ ክንዴን የማሳርፈውም እዚያው ላይ ነው።

ከተነሳ በኋላ የሞተር ዘይቱን በ500 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፤ የቆየው ቆሻሻ የሚወጣው ያኔ ነው። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎንም በየወሩ አላልታችሁ ውሃ መኖር አለመኖሩን እዩ።