ሁለት ኬብል ተሰክቶ ፍጥነቱ የአንድ ሲሆን፦ የሰርቨር ፖርቶችን የማጣመር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የሰርቨርን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የኔትወርክ ፖርቶች አጣምሮ እንደ አንድ መስመር መጠቀም፣ በሊኑክስ ቦንዲንግ የሚባለው አሠራር፣ በሁለት ምክንያት ይደረጋል፤ አንድ ኬብል ቢነቀል ወይም አንድ ፖርት ቢበላሽ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ፣ እንዲሁም የብዙ ተጠቃሚዎች ጭነት በመስመሮቹ ላይ እንዲከፋፈል። ችግር ሲገጥም ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚፈለገው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። ቦንድ አብዛኛውን ጊዜ በሰርቨሩና ኬብሎቹ በሚሰኩበት የኔትወርክ መሣሪያ፣ በስዊቹ፣ መካከል የተደረገ ስምምነት ስለሆነ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰሙ ቅንብር መቀያየር ነገሩን ያወሳስበዋል እንጂ አይፈታውም።

ስለዚህ አንዳች ነገር ከመንካት በፊት ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ራሱ የሚሰጠውን ሪፖርት ማንበብ ይገባል። ሪፖርቱ የሚገኘው ፕሮክ በተባለው ማውጫ ውስጥ፣ ኔት ከዚያም ቦንዲንግ በሚለው ሥር፣ በቦንዱ ስም በተሰየመው ፋይል ነው። የቦንዱ ዓይነት፣ የእያንዳንዱ ፖርት ሁኔታና ፍጥነት፣ ግንኙነቱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ከርቀት የሚሠሩ ከሆነ፣ ቦንዱን መንካት የገቡበትን መንገድ ራሱን ሊቆርጠው ስለሚችል፣ አስቀድመው በኮንሶል፣ ማለትም በዚህ ኔትወርክ በኩል ሳያልፉ፣ መግባት መቻልዎን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ፖርቶች ተጣምረዋል፤ አንድ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ግን ፍጥነቱ 940 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ላይ ይቆማል

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ቦንዱ የአንድን ግንኙነት ፓኬቶች፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች፣ ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ሁሉንም በአንድ ፖርት ይልካል። የትኛው ግንኙነት በየትኛው ፖርት እንደሚሄድ የሚወሰነው ከአድራሻዎች በሚሰላ ቁጥር፣ በሃሽ፣ ነው። ስለዚህ ሁለት ፖርት ማለት መኪኖች የሚከፋፈሉበት ባለ ሁለት መስመር መንገድ ነው፤ አንዷ መኪና በዚህ ምክንያት ፍጥነቷ አይጨምርም።

እውነተኛ ችግር የሚሆነው ብዙ ተጠቃሚዎች እያሉም አንዱ ፖርት ተጨናንቆ ሌላው ሥራ ሲፈታ ነው። የሊኑክስ ቦንዲንግ መነሻ የሃሽ ደንብ ሌየር 2 ሲሆን፣ የሚመለከተውም በዋናነት የማክ አድራሻዎችን፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዶችን መለያ ቁጥሮች፣ ነው። ተጠቃሚዎቹ በሙሉ ከራውተር ወዲያ ከሆኑ፣ ሰርቨሩ ለሁሉም የሚልከው ወደ አንድ የማክ አድራሻ፣ ወደ ራውተሩ፣ ይሆናል፤ የስሌቱ ውጤት ዘወትር አንድ ስለሆነም ሁሉም በአንድ ፖርት ይሰለፋል። መፍትሄው የሃሽ ደንቡን ወደ ሌየር 3+4 መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ የአይፒ አድራሻና የግንኙነቱ የፖርት ቁጥር (ኬብል የሚሰካበት ፖርት አይደለም) ወደ ስሌቱ ይገባሉ። ይህ ግን የሚያስተካክለው ከሰርቨሩ የሚወጣውን ብቻ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የሚያከፋፍለው ስዊቹ በራሱ ደንብ ስለሆነ፣ በዚያም በኩል ተመሳሳይ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ሲፈትኑም በአንድ ግንኙነት ሳይሆን በስምንትና ከዚያ በላይ ትይዩ ግንኙነቶች ይለኩ፤ ሁለት ግንኙነቶች ብቻ ከሆኑ በአጋጣሚ አንድ ፖርት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ፓኬቶችን በየተራ የሚያድለው የቦንድ ዓይነት፣ ሞድ 0፣ አንዱን ግንኙነት በሁለቱም ፖርቶች ሊያስኬድ ይችላል። ሆኖም ፓኬቶቹ ተዘበራርቀው ስለሚደርሱ ቲሲፒ፣ የዳታውን በትክክል መድረስ የሚቆጣጠረው ደንብ፣ የጠፉ መስሎት ደግሞ ይልካቸዋል፤ ስለዚህ እኔ አልመክረውም። ለአንድ ግንኙነት የግድ ከፍተኛ ፍጥነት ከተፈለገ ትክክለኛው መንገድ ባለ 10 ጊጋቢት ካርድ መግጠም ነው።

ምልክት፦ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል፤ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን ያገኙታል፣ ሌሎቹ አያገኙትም

አንድ ጊዜ ይህ ገጥሞኝ ግማሽ ቀን ፋየርዎል ስፈትሽ ቆይቻለሁ። በመጨረሻ ሪፖርቱን ስከፍት የወዲያኛው ወገን፣ የስዊቹ፣ የማክ አድራሻ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ሆኖ አገኘሁት፤ የሁለቱ ፖርቶች አግሪጌተር (የቡድን) ቁጥርም አንዱ 1፣ ሌላው 2 ነበር። ዜሮው ማለት ሰርቨሩ በኤልኤሲፒ፣ ሰርቨርና ስዊች ፖርቶቻቸውን በቡድን ለማጣመር መልእክት በሚለዋወጡበት ደንብ፣ እየተጣራ የሚመልስለት የለም ማለት ነው። የቁጥሮቹ መለያየት ደግሞ ፖርቶቹ በአንድ ቡድን እንዳልተጠቃለሉና ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንደሚሠራ ያሳያል። ስዊቹ ላይ የነበረው ቡድን ያለ ኤልኤሲፒ በእጅ የታሰረ ስለነበር፣ ስዊቹ ለሁለቱም ፖርቶች ሲያከፋፍል፣ ሰርቨሩ ሥራ ላይ ባልዋለው ፖርት የገባውን ይጥለው ነበር። የስዊቹን ቡድን ወደ ኤልኤሲፒ አክቲቭ ስለውጠው የሁለቱም ፖርቶች ቁጥር አንድ ሆነ።

የወዲያኛው አድራሻ ዜሮ ሳይሆን ቁጥሮቹ ብቻ ከተለያዩ፣ ኬብሎቹ የት እንደተሰኩ በዓይን ይመልከቱ። እንደ አንድ ስዊች እንዲታዩ በሚያደርጓቸው ስልቶች፣ በስታክ ወይም በኤምላግ፣ ያልተሳሰሩ ሁለት ስዊቾች ላይ የተሰኩ ፖርቶች በኤልኤሲፒ አንድ ቡድን ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ ፖርት 1፣ ሌላው 10 ጊጋቢት ከሆነም እንዲሁ ነው፤ በተበላሸ ኬብል ምክንያት ወደ 100 ሜጋቢት የወረደ ፖርትም ከቡድኑ ይወጣል።

ምልክት፦ የስዊቹ መዝገብ አንድ የማክ አድራሻ ከፖርት ወደ ፖርት እየዘለለ መሆኑን ደጋግሞ ይጽፋል

ሰርቨሩ በሞድ 0 ወይም ያለ ኤልኤሲፒ በሃሽ በሚያከፋፍለው ሞድ 2 እየሠራ ስዊቹ ላይ ምንም ቡድን አልተበጀም ማለት ነው። ስዊቹን ማዋቀር የሚቻል ከሆነ በሁለቱም በኩል ኤልኤሲፒን፣ በሊኑክስ አቆጣጠር ሞድ 4ን፣ ይጠቀሙ። የማይቻል ከሆነ ከስዊቹ ምንም የማይጠይቀው ሞድ 1 ይሻላል፤ አንዱ ፖርት ሲሠራ ሌላው በተጠባባቂነት ይቆያል።

ምልክት፦ አንድ መስመር ሲቋረጥ አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ይቆማል

መጀመሪያ ሚሞን የተባለው የመስመር ክትትል ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በየ100 ሚሊሰከንዱ መፈተሽ ጥሩ መነሻ ነው። በመካከል የፋይበር መለወጫ ካለ ግን የወዲያኛው ኬብል ቢነቀልም የሰርቨሩ ፖርት ብዙ ጊዜ እንደበራ ስለሚቀር፣ ይህ ክትትል መቋረጡን አያየውም። እዚህ ላይ ኤልኤሲፒ ይረዳል፤ በዝግታው አሠራር መልእክት በየ30 ሰከንዱ ተልኮ መቋረጡ የሚታወቀው ከ90 ሰከንድ በኋላ ሲሆን፣ በፈጣኑ ግን በየሰከንዱ ተልኮ ከ3 ሰከንድ በኋላ ይታወቃል። በሁለቱም በኩል ፈጣኑን ይምረጡ።

መቋረጡ የሚከሰተው ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ከሆነ፣ ስዊቹ ፓኬት ማስተላለፍ ሳይጀምር የፖርቱ መብራት ስለሚበራ ሰርቨሩ ቸኩሎ ይልክበታል። አፕዲሌይ የተባለውን መዘግየት ስዊቹ ለመዘጋጀት በሚወስድበት ጊዜ ልክ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

ከጥገናው በኋላ ፒንግ እያስኬዱ አንዱን ኬብል ይንቀሉ፤ መልሰው ሰክተው ሪፖርቱ ላይ ፖርቱ ወደ ቡድኑ መመለሱን ካዩ በኋላ ሁለተኛውንም ይንቀሉ። አንዱን ብቻ ነቅሎ መተው የቀረው መስመር ያልተፈተነ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል።